የልብስ ሰፊዋ ጣት

ሰው በሚስቱ ይቀናል፤ ወጉ ነው። ሰፈሩ «ሞረዱ» የሚለው ጡረተኛ የመሣሪያ ጠጋኝ የቀናው ግን፣ ጉድ በሉ፣ በሚስቱ ጣት ነው!

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጦርነት ዘመን ሽጉጥ የሚሰበስቡ ሰዎች ደጁን ሲጠኑ ኖረዋል። ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የፋብሪካውን ምልክት፣ ዓመቱን፣ ከጎኑ የተመታችውን የተቆጣጣሪውን ትንሽ ማኅተም እያነበበ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለያል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ቅባቱን እየጠረገች ታቀብለዋለች። አንድ ቀን ስትጠርግ፣ «የዚች ማኅተም ዳር ይቆረቁራል» አለች። እውነቷን ነው። የዚያ ዘመን ፋብሪካ ማኅተሙን የሚመታው ብረቱ ተወልውሎ ከመጥቆሩ በፊት ስለነበር ዳሩ ልስልስ ይላል፤ አጭበርባሪ ኋላ ሲመታው ግን ብረቱ ዙሪያውን ይነሳል። ከዚያ ወዲህ በሩን ያንኳኳ ሁሉ፣ «እትዬ አሉ?» ሆነ። እሱ ግድግዳ ነው እንዴ?

እናም የከተማው ሙዚየም ኃላፊ አንድ ሽጉጥና የሚፈረምበት የምስክር ወረቀት ይዞ እንደሚመጣ ሲሰማ፣ ሚስቱን «ክር አልቆብኛል አላልሽም?» ብሎ ገበያ ሰደዳት። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የእሱ ስም ነው። የእሱ ብቻ!

በመነጽሩ ሲያየው ሁሉም ልክ ነው። ብዕሩን አነሳ፤ ልቡ ግን እንቢ አለው። ማኅተሙን በአመልካች ጣቱ ዳበሰው፤ ምንም። በቀለበት ጣቱም ሞከረ፤ ምንም። አርባ ዓመት ሞረድ ያደነዘዘው ጣት ምን ሊሰማው! እሷ መርፌ ይዛ ያረጀች፣ ጣቷ ግን አሁንም እንደ ሕፃን ጣት!

«ጋሼ፣ ይፈርሙልኛ» አለ ኃላፊው።

በሩ ተከፈተና ሚስቱ ክሯን ይዛ ገባች። ሞረዱ ቀና ብሎ አላያትም።

«ነይ እስቲ፣ ንኪልኝ» አለ።

አንዴ ነካችው። «ኋላ የተመታ ነው።»

«እሰይ እትዬ፣ ከጉድ አወጡን!» ኃላፊው ወረቀቱን ከሞረዱ ፊት አንስቶ እሷ ፊት አኖረው። «በሉ፣ ሐሰተኛ ነው ብለው ይፈርሙልን።»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ፤ ፈራሚው እሱ ነው» አለችና ወረቀቱን ወደ ባሏ መለሰችው።

የባሰውኮ ይሄ ነው፤ እሱ ገበያ ሰደዳት፣ እሷ ስሙን ትመልስለታለች! ሞረዱ ወረቀቱን አየው። ጣቱ ያልነገረውን ነገር እንዴት ብሎ ይፈርም?

«አንቺ ፈርሚ» አለና ብዕሩን ዘረጋላት። ከእጁ ለማስለቀቅ ግን ሁለቴ መጎተት ነበረባት።