አርባ ኪሎ ያልኳት በግ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በየቀበሌው ሦስት ሦስት የልማት ሠራተኛ መመደብ በተጀመረበት ዘመን፣ የግብርና ሙያ ኮሌጅ ሠልጣኝ ሳለሁ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ዛሬም የማንም በግ አጠገቤ ከቆመ እጄ ሳላዘው ወደ ጀርባው ይሄዳል። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ትዝ ይሉኛል፤ ትንሽም አፍራለሁ።

የተወለድኩት መርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ዝቅ ብሎ ባለ ቆላማ መንደር ነው። አሥረኛ ክፍል ስጨርስ እንደ ብዙ እኩዮቼ ወደ ግብርና ኮሌጅ ተመደብኩ። የደረሰኝም የእንስሳት እርባታ ነው። አልከፋኝም። እንዲያውም በትምህርቱ ጎበዝ ነበርኩ። የመድኃኒት መጠን አስሉ ሲባል ከክፍሉ ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ነኝ። ጉብዝናዬን ደግሞ ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ እኛ ሠልጣኞቹ አፓረንት ለምንለው የመስክ ልምምድ ወደ መንዝ ተላክሁ። ቀበሌው ከቀየት ገበያ በእግር አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። በልማት ጣቢያው ግቢ ውስጥ ለሦስት ወር የምኖርባት አንዲት ክፍል ተሰጠችኝ። ብርዱን ግን ማንም አልነገረኝም። ሁለት ሹራብ ደርቤም ጥርሴ ይንገጫገጫል። የአገሩ ሰው ስሜን ትቶ "የመርሐቤቴዋ" ይለኛል። "የመርሐቤቴዋ፣ ምነው ትንሽ ፀሐይ ቋጥረሽ ባመጣሽልን" ይሉኝና ይስቃሉ።

ከሁሉ የምቀርበው እትዬ አስካለን ነበር። ቤታቸው ከጣቢያው አጥር ማዶ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንዲት ልጃቸውን ይዘው በገብስ ማሳቸውና በአሥር በጎች የሚተዳደሩ፣ ብዙ የማያወሩ ሴት ናቸው። ከበጎቹ መካከል አንዲት ጥቁር አሮጊት ነበረች። በረቱ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ የእሷ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። እትዬ አስካለ ስለ እሷ ሲያወሩ "ያቺ ባትኖር ይህ ቤት ተዘግቶ ነበር" ይላሉ።

ጊዜው ከፋሲካ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀርቶ ሣሩ ከመሬት ጋር ተጣብቆ ነበር። በጎቹን ሳል ይዟቸዋል፤ ፋንድያቸውም ቀጥኗል። የሆድ ትል መድኃኒት ከወረዳው ከተማ ከመሐል ሜዳ መጣልን። በጣቢያው ገና ብቻውን የነበረው ሠራተኛ ለስብሰባ ሲሄድ "እስክመለስ ምንም እንዳትነኪ። ሚዛኑን አውጥተን፣ እያንዳንዷን መዝነን ነው የምንሰጠው" ብሎኝ ነበር።

እኔ ደግሞ አሠልጣኛችን በዚያው ሳምንት ሊገመግሙኝ እንደሚመጡ ሰምቻለሁ። ሲመጡ ሥራው አልቆ ቢያገኙት ብዬ ጓጓሁ። ሚዛኑ የተቆለፈበት ቢሮ ቁልፍ ሠራተኛው ኪስ ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ግን እኔ ክፍል ውስጥ ነበር።

ሠራተኛው በሄደ ማግስት ማርያም ስለሆነች ሰው እርሻ አልወጣም። "በጎቻችሁን አምጡ" ብዬ አስነገርኩ። መንደሩ በጎቹን እየነዳ መጣ። ቀድመው የደረሱት እትዬ አስካለ ናቸው።

መድኃኒቱ አንዱ ኪኒን አርባ ኪሎ ለሚመዝን በግ ነው። ከዚያ ላነሰ ይከፈላል፤ ከልክ ካለፈ መርዝ ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። የማላውቀው የመንዝን በግ ነበር። እኛ መንደር የሚረባው ፍየል ነው። ፍየል ከከሳች ጎድኗን በሩቁ ይቆጥሩታል። የመንዝ በግ ግን ወፍራም የሱፍ ባና ለብሶ ነው የሚዞረው። ጠጉሩ ተንዠርግጎ፣ ላቱ ተንጠልጥሎ ሳየው ሁሉም የሰባ መሰለኝ። በዓይኔ መዘንኩና "አርባ፣ አርባ፣ አርባ" እያልኩ እያንዳንዷን ሙሉ ኪኒን አስዋጥኳት። ጥቁሯን አሮጊትም እንዲሁ።

አያ ሽፈራው የሚባሉ ጎረቤት አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ቆዩና "ልጂት፣ በጅሽም አታዪያት?" አሉኝ።

"ግድ የለም፣ ዓይኔ ለምዷል" አልኳቸው። መንዝ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር።

ከእትዬ አስካለ በጎች ሰባቱን ጨርሼ ስምንተኛውን ስይዝ የመጀመሪያዋ በግ አረፋ ደፈቀች። ቀጥሎ ሁለተኛዋ። እግራቸው ይብረከረካል፤ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። ጥቁሯ በግ ሁለት እርምጃ ሄዳ በጎኗ ወደቀች። ወረፋ ሲጠብቅ የነበረው ሰው በጎቹን ወደመጡበት መለሰ።

እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ደርቄ ቆምኩ። እትዬ አስካለ አልጮኹም። መሬት ተቀመጡና የጥቁሯን በግ ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉ። አረፋውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ "ስንት ኪሎ ብለሽ ነው የሰጠሻት?" አሉኝ።

"አርባ።"

ቀና ብለው አዩኝ። እጄን ያዙና ጠጉሯ ውስጥ አስገቡት። ጣቴ ያን ሁሉ ጠጉር አልፎ ሄደና አጥንት ላይ አረፈ። ሥጋ የሚባል አልነበራትም።

"አርባ ኪሎ ገብስ ተሸክሜ ወፍጮ ቤት ወርጄ አውቃለሁ" አሉ። "ይቺን ባንድ እጄ ነው የማነሣት። የቱ ጋ ነው አርባው?"

 

ከዚያ በኋላ ነው የተማርኩት ትዝ ያለኝ። በጎቹን ጥላ ሥር ሰበሰብኩ። ማንም እንዳያስደነግጣቸው እየተከላከልኩ፣ አረፋው እንዳያንቃቸው ራሳቸውን ቀና እያደረግኩ ከአንዷ ወደ አንዷ ስሮጥ ዋልኩ። ጥቁሯ እኩለ ቀን ላይ እትዬ አስካለ ጭን ላይ እንዳለች ሞተች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የቀሩት ስድስቱ አንድ በአንድ ተነሡ።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም። ክፍሌ ገብቼ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመርኩ። ጠዋት መሐል ሜዳ ደርሼ በመጀመሪያው አውቶብስ ልሄድ ነው። ኮሌጁ ከሚያባርረኝ እኔው ብቀድም ይሻላል አልኩ። እትዬ አስካለ በሩ ላይ መጥተው ሻንጣዬን አዩ።

"ወዴት ነው?"

"ወደ አገሬ።"

"ስድስቱ ገና እየተንገዳገዱ ነው። ነገ ቢወድቁብኝ ማንን ልጥራ?"

ይህን ብለው ሄዱ። አልተቆጡኝም፣ አላባበሉኝም። ልብሴን ከሻንጣው መልሼ አወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን አሠልጣኛችንና የጣቢያው ሠራተኛ አብረው መጡ። ሠራተኛው ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ ፊቱ ጠቁሯል። አሠልጣኛችን ገበሬዎቹን ሰበሰቡ። በግምገማው ቅጽ ላይ ገበሬው ስለ ሠልጣኙ የሚለው ይጻፋል። መልካም ምስክርነታቸውን ካጣሁ ልምምዱን ወደቅሁ ማለት ነው፤ ልምምዱን ከወደቅሁ ደግሞ የሁለት ዓመት ትምህርቴ እዚያው ቀረ።

አያ ሽፈራው ተነሡ። "ልጅቱን አንጠላትም፤ ክፉ አይደለችም። ግን ሌላ ይላኩልን። ትምህርቱን የጨረሰ" አሉ። ብዙው ሰው "እውነት ነው" አለ። እኔም በልቤ እውነታቸውን ነው አልኩ።

አሠልጣኛችን ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ። "የተጎዱት እርስዎ ነዎት። ምን ይላሉ?"

"ያጠፋችውን መጀመሪያ እሷ ትንገርዎ" አሉ።

ተነሥቼ ነገርኩ። ሠራተኛው እንዳትነኪ ማለቱን፣ ሚዛኑን አለመጠበቄን፣ አያ ሽፈራው በእጅሽ እዪ ሲሉኝ የመለስኩላቸውን ሳይቀር።  ስቀመጥ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ።

"በጌ ሞታለች። አዝኛለሁ። እሷን የሚተካልኝ የለም" አሉ። "ግን ሌላ ይላክልን የምትሉት፣ ሌላው ምን ያውቃል? ሌላው ገና አልደነገጠም። ይቺ ደንግጣለች። ከእንግዲህ ሳትዳብስ የምትሰጥ አይመስለኝም። ለኔ ይቺው ትሁንልኝ።"

በቃል ብቻ አልቀሩም። ወደ በረታቸው ሄደው፣ ያን ዕለት መድኃኒቱን ሳይወስዱ ከቀሩት ሦስት በጎች አንዱን ጎትተው አመጡ። ለልጃቸው ሠርግ የሚያደልቡት ሙክት ነው። ፊቴ አቆሙትና "እንኪ። መጀመሪያ ዳብሺው" አሉኝ።

እጄን ጠጉሩ ውስጥ ከተትኩ። ጀርባውን፣ ወገቡን ዳበስኩ፤ ላቱን አነሣሁት። ከዚያ ሚዛኑን ባሕር ዛፍ ላይ ሰቅለን ሙክቱን በጆንያ አንጠልጥለን መዘንነው። ኪኒኑን በክብደቱ ልክ ከፍዬ አስዋጥኩት። ሰው ሁሉ ሙክቱን ከብቦ ተቀመጠ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ሙክቱ ግን ማንንም ከቁም ነገር ሳይቆጥር የተገኘችውን ሣር ይነጭ ጀመር።

ብዙ ቆይተው አያ ሽፈራው "እንግዲህ የኔንም እዪልኝ" አሉና በጎቻቸውን ነድተው አመጡ። እያንዳንዷን እየዳበሱ ኪሎዋን ይገምታሉ። ሚዛኑ ከእሳቸው ግምት ከአንድ ኪሎ በላይ አልራቀም። "ሚዛናችሁ ደኅና ተምራለች" እያሉ ተሳለቁብን። እስኪመሽ የቀበሌውን በግ ግማሹን አዳረስን። ቅጹ ላይ ምን እንደተጻፈ አላየሁም፤ ግን አለፍኩ።

እትዬ አስካለ በዚህም አልተዉኝም። በቀየት ገበያ ቀን ይዘውኝ ወርደው በግ ተራው መሐል አቆሙኝ። እዚያ በግ በዓይን የሚገዛ ሰው የለም። ገዢው ጣቱን ጠጉሩ ውስጥ ከትቶ የወገቡን አጥንት ይፈልጋል፤ ቶሎ ካገኘው ትቶ ይሄዳል። "ዓይንሽን ጨፍኚና ዳብሺ" አሉኝ። እየጨፈንኩ ከበግ በግ ዞርኩ። አንዱ ሻጭ "ልትገዢ ነው ወይስ ልታሺልኝ?" ሲል ተራው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ጥቁሯ በግ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር። ኮሌጅ ገብቼ የተማርኩትን አልንቅም፤ ጣቴን ያስተማረኝ ግን ያ ገበያ ነው።

ልምምዱ አልቆ ልሄድ ስል ልሰናበታቸው ገባሁ። ከመደቡ ላይ የተጠቀለለ ነገር አንሥተው ሰጡኝ። ስፈታው አጎዛ ነው። ጥቁር፣ ጠጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቆዳው ታሽቶ የለሰለሰ። የማን እንደሆነ ሳይነግሩኝ አወቅሁ። ወቀሳ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

"ቀና በይ" አሉኝ። "ብርድ እንደማትችዪ ሦስት ወር ሙሉ አይቼሻለሁ። ያሳተሽ ጠጉር ነው፤ አሁን ደግሞ ያሙቅሽ።"

አመሰግናለሁ ማለት እንኳ አቅቶኝ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። አጎዛውን ታቅፌ እስከ መሐል ሜዳ ድረስ እንባዬን እየጠረግኩ ሄድኩ።

ተመርቄ ጥቂት ዓመት በልማት ጣቢያ ሠራሁ። ኋላም ትምህርቴን ቀጥዬ እኔም አሠልጣኝ ሆንኩ። አዲስ ሠልጣኞች በገቡ ቁጥር አጎዛውን ጠረጴዛ ላይ አነጥፍና "ይህች በግ ስንት ኪሎ ነበረች?" እላለሁ። አንዱ ሠላሳ አምስት ይላል፤ ሌላው አርባ ይላል። ከዚያ የሆነውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ያጠፋሁት እኔ መሆኔን አልደብቅም። ተራ በተራ እየመጡ በእጃቸው ይዳብሱታል።

በቅርቡ ግን አንዲት ሠልጣኝ አየት አድርጋው "ከሃያ አትበልጥም" አለች። ልክ ናት። ደንግጬ አጎዛውን አየሁት። ከስንትና ስንት ሰው እጅ በኋላ ጠጉሩ ሳስቷል፤ ጀርባው ላይማ ቆዳው ይታያል። ከእንግዲህ ማንንም አያሳስትም። ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ወሰድኩትና አልጋዬ ላይ አነጠፍኩት።

እትዬ አስካለ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል ሲሉ እሰማለሁ። ያን ዕለት በር ላይ መጥተው ባይጠይቁኝ ኖሮ በማግስቱ አውቶብስ ላይ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላም በግ የምነካ ሰው አልሆንም ነበር። ያኔ ያላልኳቸውን አመሰግናለሁ አሁን እላለሁ። ሞቆኝ ባደርኩ ቁጥር እላለሁ።