አምስተኛው ዝላይ

ሰይፍ ስላችሁ ብረት እንዳይመስላችሁ። የእኛ ሰይፍ ቀርከሃ ነበር፤ በአሶሳ ዙሪያ ቀርከሃ እንደ ልብ ነው። ከወሎ በሰፈራ መጥተን፣ በቁጥር በሚጠራ መንደር፣ ክዳኑ ሣር በሆነ ትምህርት ቤት ነው ሰይፍ መግጠም የተማርኩት። የስፖርት መምህራችን ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። ሰይፍ ሊያስይዘን ነው ብለን ስንጠብቅ ከየቤታችን ገመድ አስመጣን።

«ሰይፍ የእጅ ሥራ አይደለም፣ የእግር ነው» አለን። «ዝለሉ። በጣታችሁ ብቻ። ተረከዝ መሬት ሲነካ እንዳላይ።»

ሳቄ መጣ። ገመድማ አገር ቤት ሳለሁ ከታላቅ እህቴ፣ ከእቴቴ ጋር ስዘል ነው ያደግሁት። የእናቴን የእንጨት ማሰሪያ ገመድ ሳላስፈቅድ ይዤ ወጣሁና አራቴ ዘለልኩ፤ በአምስተኛው ግራ ተረከዜን መሬቱ ላይ ጧ አደረግሁት። መምህሩ ፊሽካውን ነፋ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ምን ብዬ ላስረዳው? የእኔና የእህቴ ወግ ነው። አምስተኛው ዝላይ በተረከዝ ይመታል፤ ቆማ የምትጠብቀው «ድገሚ» ትላለች፣ ዘላይዋም ትቀጥላለች። ያን ተረከዝ ልተወው ብል እግሬ እሺ አላለኝም።

እህቴን ካየኋት ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ወደዚህ ስንጫን እሷ ከአክስቴ ጋር ሌላ መኪና ላይ ወጣች፤ መኪኖቹም መንገድ ላይ ተለያዩ። በባምባሲ በኩል ካሉት መንደሮች ባንዱ አለች ሲባል ሰምተናል። ግን ያለ ፈቃድ ወረቀት ከመንደር ንቅንቅ የለም። እናቴ ስሟን ማንሳት ትታ ነበር።

እንግዲህ መምህሩ አንድ ቀን «ለአብዮቱ በዓል የየመንደሩ ሰው አሶሳ ይሰበሰባል፤ እኛም ሰይፍ እናሳያለን፤ አራት ልጆች እወስዳለሁ» ሲል የቀረውን አልሰማሁትም። ሰይፉ ገደል ይግባ፣ እኔ እህቴን ነው የፈለግሁ። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ «አንቺን ተረከዝሽ እያለ አልወስድሽም» አለኝ። ጠላሁት።

ከቤታችን ጓሮ፣ ግራ ተረከዜ ሥር ጠጠር በጨርቅ አስሬ መዝለል ጀመርኩ። በመታሁ ቁጥር ነፍሴ እስክትወጣ ያመኛል።

«ልጄ፣ ነካክቶሻል እንዴ?» አለች እናቴ። ለምን እንደሆነ ነገርኳት። ከዚያ «ገመዱን አንቺው ያዢው» አለችኝ፤ እሷ እንጨቷን በልጥ እያሰረች ከረመች። የፊት ጭንብላችንን ቀርከሃ ሰንጥቀው እንደ ቅርጫት የጠለፉልን የአገሬው ሰው፣ የበርታ ሽማግሌ ደግሞ ባለፉ ቁጥር ቆመው ያዩኛል። አማርኛው ብዙም አይሆንላቸውምና ሴቷን በወንድ እየጠሩ «ማሻላህ፣ አንተ ልጅ ጎበዝ ነህ» ይሉኛል። የልብ ልብ ሰጡኝ። በወሩ ተረከዜ መሬት ረሳ፣ መምህሩም ከአራቱ አንዷ አደረገኝ።

በበዓሉ ቀን በጭነት መኪና ሄድን። ሜዳው ጢም ብሏል። ልንገባ ስንል መምህሩ «ጭንብላችሁን አጥልቁ፣ እንደዚያ ነው የሚያምረው» አለ። ጉድ ሆንኩ። አራታችንም አንድ ዓይነት ካኪ ለብሰናል፣ ፊታችን ተሸፍኗል፤ ማን ማንን ይለያል? በቀርከሃው ቀዳዳ ስመለከት የሰው ፊት ሁሉ ተቆራርጦ ይታየኛል።

ከግጥሚያው በፊት ለማሟሟቅ ገመድ ዘለልን። በጣቴ ብቻ፣ ልቅም አድርጌ ዘለልኩ። መምህሩ በኩራት አገጩን ቀና አድርጓል። ይህን ሁሉ የለፋሁት ለማን ነው አልኩ በሆዴ። አራቴ ዘለልኩና በአምስተኛው ጧ አደረግሁት። መምህሩ በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። እኔም ብሶብኝ ደገምኩት። በሦስተኛው ጊዜ ከሕዝቡ መሐል አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ድገሚ!»

እንደገና መታሁ።

«ድገሚ!»

ከዚያ በኋላ ስለነበረው ግጥሚያ አትጠይቁኝ። ዓይኔ ድምፁ ወደመጣበት ሲቅበዘበዝ ባላንጣዬ ደረቴን ወጋኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፣ እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ። እንዲያ ደስ እያለኝ የተሸነፍኩበት ቀን የለም።

ስወጣ እህቴ ጭንብሌን ከፊቴ ገፋ አደረገች። ረዝማለች፣ ከስታለች። «የመጨረሻውን በአራተኛው ነው የመታሽው፣ አልቆጥርልሽም» አለችኝ፤ ሁለታችንም ለቅሶና ሳቅ ቀላቀልን። ጊዜው አጭር ነበር፣ መኪኖቹ በጥሩምባ ይጠሩን ነበር። እጄ ላይ ያለውን ገመድ አየችና ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ ዳበሰች። የማን ቋጠሮ እንደሆነ አላጣችውም። ወገቧ ላይ ጠምጥማው ወደ መኪናዋ ሮጠች።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጅ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።  ባዶ እጄን አየችና «ገመዴስ?» አለች።

«እቴቴ ወሰደችው» አልኳት።

እናቴ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አለችና እልል አለች።