ጋሽ አያሌውና ዓይን የማያየው ብርሃን

ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ዓሣ ልበላ ተቀምጬ፣ አስተናጋጁ ሰላጣዬ ላይ አቼቶ ሲያርከፈክፍ ሽታው አፍንጫዬን ይዞ ግሽ አባይ ሰፈር ወደነበረው የልጅነት ግቢያችን ወሰደኝ። ሌላው ሰው አቼቶ ሲሸተው ምራቁ ይመጣል፤ እኔን ግን ፎቶግራፍ ይሸተኛል። ጎረቤታችን ጋሽ አያሌው ፎቶ ሲያጥቡ አቼቶ ይጠቀሙ ስለነበር የግቢው ድመት እንኳ በደጃፋቸው የምታልፈው አፍንጫዋን ይዛ ነበር።

ጋሽ አያሌው ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቀለም የሚነክሩ ሰው ነበሩ። ጥፍራቸው ሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ ቀይ፣ ለዓመት በዓል ደግሞ ቀስተ ደመና ነው። ከሥራ ሲወጡ ያላቸው ፍቅር አንድ ብቻ ነበር፤ በቆዳ ቦርሳ የምታድር አሮጌ ካሜራቸው። ሚስት ያላገቡት ካሜራዋ ቅር እንዳይላት ነው ይባላል፤ ወሬውን የጀመርሁት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ማሽን ሊገጥም የመጣ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ጥቅል ፊልም ሰጣቸው። ኢንፍራሬድ ይባላል። ከፋብሪካ እየሮጡ መጡ፤ መንገድ ላይ ብስክሌት ሁሉ ቀድመዋል።

«ይህ ፊልም ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ያያል!» አሉን የግቢውን ልጆች ሰብስበው። «ቅጠሉ በረዶ ይመስላል፣ ሰማዩና ጣና ይጠቁራሉ! ግን ያለችኝ ይቺው ብቻ ናት። ካሜራው ውስጥ ሳትገባ ቅንጣት ብርሃን ከነካት፣ አለቀላት!»

እስኪመሽ ቢጠብቁ ምን ነበረበት? አልቻሉም። መስከረም ሊወጣ ሲል ነው፤ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። እናም በቀትር፣ እንሽላሊት ጥላ በምትለምንበት ሰዓት፣ መስኮቱን ዘግተው አልጋቸው ላይ ወጡና ከጎረቤት የተዋሱትን ጋቢ ሁሉ ደራርበው ከነካሜራቸው ተሸፋፈኑ።

ከጋቢዎቹ አንዱ የእትዬ የሻረግ ነበር። እትዬ የሻረግ የግቢያችን ታላቅ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከል ለብሰው «በቃ አሁንስ አውልቂው» ያላቸውን ሁሉ የሚቆጡ። በዚህ ሙቀት ጋቢ የሚዋስ ሰው ወባ ቢይዘው ነው ብለው ደመደሙ። አጥሚት ሠርተው፣ እኔን ማንኪያ አስይዘው ከች አሉ። በሩን ገፋ ሲያደርጉት አልጋው ላይ የጋቢ ተራራ ይንቀጠቀጣል፤ ከውስጡ ማቃሰት ይሰማል።

«አይ አያሌው! ሰው የሌለህ ይመስል ታፍነህ ልትሞት ነው? በል ትንሽ አየር ይግባህ!» ብለው የላይኛውን ጋቢ መነጨቁት።

«አይግለጡኝ!» አለ ተራራው።

«ያቃዠዋል! ያዝ ልጄ ያንን ጫፍ!» ሁለተኛውም ሄደ።

«እትዬ፣ በእመቤቴ! ዕርቃኗን ናት!»

እትዬ የሻረግ እጃቸውን ሰብስበው አማተቡ። «ማናት ደግሞ እሷ?»

«ፊልሟ!»

ጋሽ አያሌው ብቅ ሲሉ ከጣና የወጡ ይመስሉ ነበር፤ ላባቸው ብቻ ታንኳ ያንሳፍፋል። ፊልሟ ካሜራው ውስጥ ገብታለች። ብርሃን ነክቷት እንደሆነ ግን እስክትታጠብ አይታወቅም። ፎቶ ልናነሳ ስንወጣ እትዬ የሻረግ አዝነው ሐይቁ ዳር ድረስ ተከተሉን።

ጋሽ አያሌው ሌንሱ ላይ ደም የመሰለ ቀይ መስታወት ገጥመው ደንገሉንም፣ ደሴቱንም፣ ደመናውንም አነሱ። የመጨረሻዋን ለትልቁ ዋርካ አስቀሯት።

«እትዬ፣ እስኪ ከሥሩ ይቁሙልኝ፤ ትልቅነቱ እንዲታይ።»

«በዚህ ከል? ዋርካው የሞተበት ላስመስለው?»

«ግድ የለም ይቁሙ። አይተንፍሱ!»

አልተነፈሱም። እኔም አልተነፈስሁም፤ ውኃው ውስጥ ያለው ጉማሬም የተነፈሰ አይመስለኝም።

በማግስቱ ፊልሟ ታጠበች። ደንገሉ ተቃጥሏል፤ ደሴቱም ደመናውም የለም። ጋሽ አያሌው ፊልሟን በመስኮት ብርሃን እየጎተቱ ሲያዩ ፊታቸው ከጥፍራቸው በላይ ቀለም ለዋወጠ። ጫፏ ላይ ሲደርሱ ግን ጮኹ። አንዲት ተርፋለች!

ወረቀት ላይ ስትወጣ ግቢው ሁሉ የፎቶ ማጠቢያውን ሳህን ከበበ። ጣና ጠቁሯል፤ ዋርካው ከነቅርንጫፉ በረዶ የወረደበት ይመስላል። ከሥሩ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ቆማለች።

«ይቺ ማናት?» አሉ እትዬ የሻረግ።

«እርስዎ ነዎታ!»

«ነጭ ማን አለበሰኝ?»

ጋሽ አያሌው ዘለሉ፤ ጣሪያው ለትንሽ ነው የተረፈው። «የከሉ ቀለም የእኛው ፋብሪካ ነው፤ እኔው ራሴ ነክሬዋለሁ! ለካ የሚያጠቁረው ለዓይን ብቻ ነው! ዓይን የማያየውን ብርሃን ግን መልሶታል! አያችሁ? መልሶታል!»

እትዬ የሻረግ አልዘለሉም። ፎቶውን ውኃው እየተንጠባጠበ በሁለት እጃቸው ያዙት። «ይህን ነጭ ብለብስ ባሌ አይቀየመኝም» አሉ፤ ለእኛ ይሁን ለፎቶው አላወቅሁም።

በቀጣዩ እሑድ ከቤታቸው የወጡት በነጭ ቀሚስ ነው። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ በነጠላዋ ያዘችው። 

ጋሽ አያሌው ብዙም ሳይቆዩ ተዛውረው ሄዱ፤ ካሜራቸውንም ይዘው። ፎቶዋ ግን ዛሬም የእትዬ የሻረግ ልጅ ሳሎን ውስጥ ተሰቅላለች። እንግዶች እትዬ በሠርጋቸው ቀን የተነሱት ይመስላቸዋል። እሳቸው በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን አላረሟቸውም፤ እኔም አላርማቸውም።