የጠጄ አበልጅ

ሞላሌ ውስጥ ሱፍ ፈትላ፣ ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ ለሚሠሩ የምትሸጠው ጠጄ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዘመድም አብልጣ የምታምነው በዕውቀቱን ነበር። የትንሹ ልጇ የክርስትና አባት ነው፤ «አበልጄ» ትለዋለች። «ጮራ» የሚባለውን የልጆች የሩጫ ቡድን ማሠልጠን ሲጀምር፣ ትልቋን ልጇን እፀገነትን ወስዳ የሰጠችው ራሷ ናት።

«እንደ ልጅህ ያዝልኝ» አለችው።

«ልጄ አይደለችም እንዴ?» አላት።

በ1998 ዓ.ም. እፀገነት ደብረ ብርሃን ላይ ተወዳድራ ሁለተኛ ወጣች። ጠጄ ጎረቤት ጠርታ ጠላ ስታጠጣ፣ መጀመሪያ የቀዳችው ለአበልጇ ነበር።

በዓመቱ ልጅቷ ተለወጠች። ብርድ ነው እያለች ከቱታዋ ሥር ሌላ ሱሪ ትደርባለች። ልምምድ ባለ ቀን ሆዴን አመመኝ ትላለች። አዲስ የመሮጫ ጫማ ይዛ ገብታ፣ ከየት አመጣሽው ብትባል አለቀሰች። ጠጄ የዕድሜ ነገር መሰላት። አንድ ቅዳሜ ግን ልጅቷ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች።

«ከቡድኑ ብወጣ ትቆጪኛለሽ?»

«ለምን ትወጫለሽ?»

«እግሬን ሳያመኝ ላሽሽ ይላል። ሌሎቹን አሰናብቶ የዕቃ ቤቱን በር ይቆልፋል።»

«በዕውቀቱ?»

እፀገነት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «ብትነግሪያትም እናትሽ የምታምነው እኔን ነው ብሎኛል» አለች።

ጠጄ እንዝርቷን አስቀመጠች። ሰውየውን ይህን ለማለት ያስደፈረው እሷ የጣለችበት እምነት መሆኑ ገባት። «የማምነው አንቺን ነው» አለቻት፤ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችባትም።

ሰኞ ለቡድኑ ሊቀ መንበር ለአፈወርቅ ነገረችው። «ቡድኑ ይፈርሳል፣ የልጅቷም ስም ይጠፋል» ብሎ መለሳት። ፖሊስ ጋ ሄዳ አመለከተች። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ደጇ መጡ፤ ከፊት የነፍስ አባቷ አባ ፍቅረ ሥላሴ ነበሩ።

«ልጄ፣ በመካከላችሁ ክርስትና አለ። ይቅር በይው» አሏት።

«አባ፣ ክርስትናውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ?»

«ነውር አደባባይ አይወጣም።»

«እፀገነትን ያጠመቋት እርስዎ ነዎት» አለቻቸው።

አባ ሽማግሌዎቹን ይዘው ተመለሱ። ጠጄም ከዚያ ወዲያ የነፍስ አባት ለወጠች።

የሌሎቹ ልጆች እናቶች ፈርተው ዝም አሉ፤ ምስክር ታጥቶ ነገሩ ቆመ። በዕውቀቱ ዓለም ከተማ ወደምትባል ሌላ ከተማ ሄደ። አፈወርቅ ታታሪ ሰው ነው ብሎ መስክሮለት፣ እዚያም የልጃገረዶች ቡድን ተሰጠው። ጠጄ ይህን ገበያ ላይ ሰምታ ለልጇ ነገረቻት።

«ሂጂና ንገሪያቸው፤ ስሜንም ጥሪ» አለቻት እፀገነት።

ጠጄ አውቶቡስ እየቀያየረች ዓለም ከተማ ደረሰች። የልጃገረዶቹን መምህርት ወሰኔን ፈልጋ ሁሉንም አጫወተቻት።

«ሳላውቅሽ እንዴት ልመንሽ?» አለች ወሰኔ።

«እኔን አትመኚ። ልጆቹን ለየብቻ፣ ሳታስደነግጪ አነጋግሪያቸው። በር ዘግቶ ያስቀራት ካለች ትነግርሻለች።»

ሁለት ልጆች ተናገሩ። ወሰኔ በዚያው ቀን ከእናቶቻቸው ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። የእፀገነትም ቃል ተጨምሮ በዕውቀቱ ተፈርዶበት ታሰረ።

ጠጄ ግን ደስታ አላገኘችም። እነዚያ ሁለቱ ልጆች ሊተርፉ ይችሉ ነበር። ከፍርዱ በኋላ አፈወርቅ ቤቷ መጥቶ፣ «እኛንም አታለለን እኮ» አላት።

«ያታለለውስ እኔን ነው» አለችው። «ለአንተ ነግሬህ ነበር።»

ግባ አላለችውም። እፀገነት ትምህርቷን ቀጠለች፤ ሩጫውን ግን ተወችው፤ እናቷም አላስገደደቻትም።