ያልዘለለው ሸክላ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ተጠራጣሪ ሰው ነኝ፤ ብዙ ጊዜም ልክ ሆኜ አውቃለሁ። የዚህኛው ግን እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ታላቅ ወንድሜ ካረፈ ዓመት አልፎታል። ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። ገርጂ ባለው ቤታችን ትቶልኝ የሄደው አንድ የሸክላ ማጫወቻና ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚጫወት የአንድ የጣሊያን ባንድ አልበሞችን ነው። ቦሌ ይኖር የነበረ ጣሊያናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው የሸጠለት። አንዱ ዘፈን ብቻውን የሸክላውን ሙሉ ገጽ ይይዛል። ኦርጋን አለው፣ ዋሽንት አለው፣ ድንገት ደግሞ ከበሮው ቤቱን ያናውጠዋል። ጎረቤቶቻችን "የምን ጸሎት ነው?" ይሉን ነበር። እኔ ግን ያደግኩበት ነው።

ከሸክላዎቹ አንዱ የተጫረ ነበር። ዋሽንቱ ጸጥ ሲል መርፌው ይዘልና ዘፋኙ ከቃል መሃል ይጀምራል። ወንድም ጋሼ ሁልጊዜ "ዘለለች" ይላል፤ እኔም እስቃለሁ። የተዘለለው ቦታ ላይ ምን እንዳለ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

ማጫወቻውን አሠርቼ አንድ እሑድ አልበሞቹን እንደገና መስማት ጀመርኩ። እዚያ ሸክላ ላይ ስደርስ መዝለሉን ጠበቅኩ። አልዘለለም። ሰምቼው የማላውቀው ዜማ መጣ። አንስቼ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት፤ ጭረት የሚባል የለበትም። መሃሉ ላይ ባለው ክብ ወረቀት በእስክሪብቶ "ከ" ተጽፏል።

ወዲያው ጋሽ ከድር ትዝ አሉኝ። የወንድሜ የልብ ጓደኛ ናቸው፤ ሰሚት ሱቅ አላቸው፤ እሳቸውም ሸክላ ይሰበስባሉ። ወንድሜ ሲታመም በፌስታል ሸክላ ይዘው ሲገቡና ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለቤቴ ሳቀብኝ። "ሌባ የተጫረውን ወስዶ ደህናውን ይተዋል እንዴ?"

"የኛ የድሮው እትም ቢሆንስ? ውድ ሊሆን ይችላል እኮ።"

እንዳይዘጋጁ ብዬ ሳልደውል ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ቦርሳዬን ታቅፌ የምናገረውን ስለማመድ ሰሚት ደረስኩ። ጋሽ ከድር በደስታ ተቀብለውኝ ወደ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ይዘውኝ ወጡ። ከላይኛው ፎቅ ስንደርስ ሁለታችንም ትንፋሽ አጥሮናል። ገና ሳልቀመጥ ሸክላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ጋሽ ከድር፣ ይሄ የእርስዎ ነው። የኛስ የታለ?"

ወዲያው ወደ ውስጥ ገቡ። ይኸው ተያዙ አልኩ በልቤ። የተጫረውን ሸክላ ይዘው ተመለሱ።

"ወንድምሽ ራሱ ነው የለወጠኝ" አሉ። "ይቺን ያመጣሻትን ከገዛኋት ሳምንት አልሞላትም ነበር። ስነግረው በዚያ ሕመሙ ይሄን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ መጣ። 'እህቴ ዘፈኑን ሙሉውን ሰምታው አታውቅም፣ ለውጠኝ' አለኝ። እንዲሁ ውሰዳት ብለው እምቢ ብሎ የራሱን ትቶልኝ ሄደ።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"እሱ የነገረሽ መስሎኝ ነዋ። ላጫውትልህ ስለው እንኳ 'አይ፣ ከሷ ጋር ነው የምሰማው' ብሎኝ ነው የወጣው።"

በማግስቱ ሕመሙ ጠንቶበት ሆስፒታል ገባ። ከዚያ ወደ ቤት አልተመለሰም።

ጠርጥሬዎት ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። "ሌባ አድርገሽኝ ነበር በይኛ" ብለው ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ሁለቱንም ውሰጂ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። የተጫረውን የሰጣቸው እሱ ነው። ደረጃውን ስወርድ በዚያ አቅሙ እንዴት እንደወጣው እያሰብኩ አለቀስኩ።

አሁን ያንን ሸክላ ሳጫውት ሌላ ሥራ አልይዝም፤ ቁጭ ብዬ ነው የምሰማው። የማላውቀው ዜማ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ በወንድም ጋሼ እናደዳለሁ። ሸክላውን ይዞ በገባባት በዚያች ማታ "ነይ እንስማ" ቢለኝ ኖሮ ሁሉንም ጥዬ እመጣለት ነበር።