ስፔናዊው ወንድማችን

እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው ወጥ ቤቴ ውስጥ የእኔ ያልሆነ ድስት አለ። ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ቢጫ ሆኗል፤ የባለቤቱ ስምም ለቋል። በከፈትኩት ቁጥር የዚያን ዘመን የቀይ ወጥ ሽታ ይመጣብኛል፤ ከሽታው ጋር አባቴ፣ ከአባቴ ጋር ደግሞ ያ ስፔናዊ።

ስፔናዊው የአንድ የእንግሊዝ ቡድን አሰልጣኝ ነበር። እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ። ቅዳሜ ጠዋት አባቴና ሌሎቹ ባለታክሲዎች መኪናቸውን ሰፈራችን ያለው የሐበሻ ሬስቶራንት ፊት ደርድረው ቴሌቪዥኑ ላይ ይተከላሉ። ተጫዋቾቹን ያብጠለጥላሉ፤ እሱን ግን ማንም አይነካውም። አባቴማ ፎቶውን ታክሲው ውስጥ ከእኔና ከእህቴ ፎቶ ጎን ሰክቶት ነበር። እናቴ "እኔስ የታለሁ?" ስትለው፣ "አንቺ ልቤ ውስጥ ነሽ፤ እዚህ ቦታ አልቋል" ይላታል።

ከዚያ ቡድኑ ሽንፈት በሽንፈት ሆነ፤ ሰውየው ሊባረር ነው ተባለ። አባቴ እህል አልወርድለት አለ። ቸርች ውስጥ የጸሎት ርዕስ በወረቀት ተጽፎ የሚከተትበት ሳጥን ነበር። እሑድ ተደብቆ ሲጽፍ በትከሻው አጮልቄ አነበብኩ፦ "ከሥራው ሊባረር ለተቃረበ አንድ ወንድም ጸልዩ። የልጆች አባት ነው። አለቆቹ አልተረዱትም።"

ምን ልበላችሁ፣ እኛ ቸርች ስለ ራሱ "እኔ" ብሎ የሚጽፍ የለም። "አንድ ወንድም" ማለት ጸሐፊው ራሱ ነው። የአባቴን ጠማማ ጽሕፈት ደግሞ የማያውቅ አልነበረም።

ማክሰኞ የጸሎት እናቶች ድስት ድስታቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። ኮሪደሩ ሁሉ ወጥ ወጥ ሸተተ። አንዷ ወረቀት ዘረጋችለት፦ "የምሠራበትን ሆቴል አፕሊኬሽን ሞልቼልሃለሁ፤ አንተ ሳይን ብቻ አድርግ።" እናቴ ክው አለች። "ሥራህን ልታጣ ነው? ለኔ ሳትነግረኝ?" ዓይኗ እንባ ሞላ።

እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ ወይ መዋሸት፣ ወይ በእነዚያ ሁሉ እናቶች ፊት መዋረድ ነበረበት። የእናቴን እንባ አየና መዋረዱን መረጠ።

"እኔ አይደለሁም" አለ መሬት መሬት እያየ። "ሰውየው... የኳስ አሰልጣኝ ነው። ስፔናዊ።"

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ድስታቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ታዲያ አሰልጣኝ ልጅ አያሳድግም? በሉ ተንበርከኩ!"

ተንበረከክን። አንድ ሰዓት ሙሉ ተጸለየለት። በሳምንቱ ተባረረ።

ከዚያ ወዲህ እማማ እሑድ በመጣ ቁጥር አባቴን በር ላይ ይይዙታል። "ያ ወንድማችን ሥራ አገኘ?" አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ሪፖርት ያቀርባል። "አገኘ እማማ፤ ሌላ አገር ገባ።" "ጌታ ይመስገን!" ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ "አባረሩት እማማ።" "ውይ፣ የኔ ልጅ!" ስፔናዊው በገባ በወጣ ቁጥር ለዓመታት እንዲህ ኖሩ።

አባቴን በቀበርን በወሩ፣ ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ እናቴ ዘንድ የቀረውን ድስት አጥቤ ለእማማ ወሰድኩላቸው። እጄን ይዘው አለቀሱ። ኋላ እንባቸውን ጠርገው፣ "የወንድማችንን ነገር እንግዲህ ማን ይነግረኛል?" አሉኝ።

ኳስ ተከታትዬ አላውቅም። ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩ። "ሥራ ላይ ነው እማማ።"

ድስቱን መልሰው አስታቀፉኝ። "እንግዲያው ወሬውን ይዘሽ ስትመጪ ታመጪዋለሽ።"

እነሆ በየሳምንቱ ውጤት አያለሁ። አባዬ ቢያየኝ በሳቅ በሞተ ነበር፤ በጣም ይናፍቀኛል። ስፔናዊው ትናንትም ተሸንፏል። እሑድ ለእማማ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ነው።