የእማማ ጥሩወርቅ አንገት

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፤ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ሞተሩን እያሞቀ ነው። ረዳቱ "ማርቆስ! ማርቆስ!" እያለ ትኬት ቆርጠን የተቀመጥነውን ጭምር ይጣራል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ካሜራዬን ጭኔ ላይ አቅፌ በመስኮቱ በኩል ተሸጉጫለሁ። ጉዞዬ ለሽርሽር አይደለም፤ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የምሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ባለፈው ጥር ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ አጠገብ የሺ የምትባል ሙሽራ ሠርግ አነሳሁ። ከሁሉም ያማረው ፎቶ ግን የሙሽራዋ ሳይሆን የእናቷ፣ የእማማ ጥሩወርቅ ሆኖ ተገኘ። በትልቁ አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ በስጦታ ላክሁላቸው። ከመላኬ በፊት ግን "ላሳምራቸው" ብዬ የግንባራቸውን የመስቀል ንቅሳትና አንገታቸውን ዙሪያውን የከበበውን ንቅሳት በኮምፒውተር አጠፋሁት። ማንም አልጠየቀኝም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለፋሁበት፤ ስጨርስም በእጄ ሥራ ኮራሁ።

ከሳምንት በኋላ የሺ ደወለች።

"እማዬ ፎቶውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችው። 'ይቺ ሴትዮ ማን ናት?' ትላለች" አለችኝ።

ያልተነካካውን ፎቶ ልልክላቸው ብፈልግ ያስቀመጥኩበት ዲስክ ተበላሽቷል። ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ባለሙያው ራሱን ነቅንቆ መለሰልኝ። እንግዲህ ያለኝ አማራጭ ሄዶ እንደገና ማንሳት ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ሁለተኛ ካሜራ ፊት አልቀመጥም ብለዋል። የሺ "ሞክር እስቲ" ብላኛለች፤ ድምጿ ግን ብዙም ተስፋ አልነበረውም።

ማክሰኞ፣ 6 ሰዓት፤ ሉማሜ

የዓባይን በረሃ ወርደን ወጣን። ታች ስንደርስ ጃኬቱ ሁሉ ወለቀ፤ ደጀን ላይ ተመልሶ ተለበሰ። ሉማሜ ላይ ሾፌሩ "አሥር ደቂቃ!" ብሎ ወረደ። የሉማሜ ሻይ ቤቶች አሥር ደቂቃን እንዴት ግማሽ ሰዓት እንደሚያደርጉ ያውቁበታል። ትኩስ ፓስቲ፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ፣ በር ላይ የተደረደሩ ባጃጆች።

ከጎኔ የተቀመጡት ደብረ ማርቆስ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው። ሆዴ አልችል ብሎ ጉዳዬን አጫወትኳቸውና ፎቶውን በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አዩት።

"ቆንጆ ሴት ናቸው" አሉ። "የየት አገር ሰው ናቸው?"

"የዚሁ ናቸው፤ የሮብ ገበያ።"

"ይሁን እንግዲህ" አሉና ስልኩን መለሱልኝ። ሻዩ መረረኝ።

አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ ስለ ራሳቸው ያወሩልኝ ጀመር። "እኔ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጫለሁ። በጣም ቆንጆ ነው ብዬ የመረጥኩት ጨርቅ አምስት ዓመት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ዓይን የሚጎዳ ነው ያልኩት በሁለት ገበያ ያልቃል። አሁን ዕቃ ከማምጣቴ በፊት ሴቶቹን እጠይቃለሁ።"

"እና ቁንጅና ማለት የገዢው ነው ማለት ነው?"

"እሱን አላውቅም ልጄ። የኔ ብቻ እንዳልሆነ ነው የማውቀው።"

ረቡዕ፣ 3 ሰዓት፤ ወደ ሮብ ገበያ

ደብረ ማርቆስ አድሬ ማለዳ ሚኒባስ ያዝኩ። የገበያ ቀን ስለሆነ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አምስት ሆነን ተጠቅጥቀናል። መንገዱ ወደ ጮቄ ተራራ በወጣ ቁጥር ብርዱ ይብሳል፤ ገብሱ አረንጓዴ፣ አፈሩ ጥቁር፣ ድንች የተጫኑ ፈረሶች ዳር ዳሩን ይዘው ይወርዳሉ። ሌላ ቀን ቢሆን አስቁሜ አነሳ ነበር። ዛሬ ግን ካሜራዬን ከቦርሳው አላወጣሁም። በየመንደሩ አሮጊቶችን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ አንገታቸው ላይ ይሄዳል። የአንዳንዶቹ ንቅሳት ደብዝዟል፤ የአንዳንዶቹ ትናንት የተሣለ ይመስላል። ባለፈው ጥርም እዚሁ ነበሩ። እኔ ነኝ ያላየኋቸው።

ረቡዕ፣ 5 ሰዓት፤ ሮብ ገበያ

የሺ በር ላይ ተቀበለችኝ። እማማ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ልስም ስጎነበስ በትከሻዬ ይዘው አነሱኝ። "መጀመሪያ ብላ" አሉ። የድንች ወጥ በገብስ እንጀራ ቀረበ። በላሁ። ጨመሩልኝ። ስለ ፎቶው አንድ ቃል የለም።

እጄን ስታጠብ ፎቶውን ከግድግዳው ሥር አምጥተው ፊቴ አቆሙት።

"እስቲ ንገረኝ። ምኔ አስጠላህ?"

"ኧረ ምንም አላስጠላኝም እማማ። ያምርብዎታል ብዬ ነው።"

"ለማን?"

መልሴን ግን አልጠበቁም።

"ልጅ ሳለሁ ነቃሿ ለገበያ ስትመጣ እናቴ 'ገና ነሽ' ብላ ከለከለችኝ። ተደብቄ ሄድኩ። በእሾህ ወግታ ጥላሸት ቀባችኝ። አንገቴ አብጦ ሦስት ቀን ከወተት በቀር የዋጥኩት ነገር የለም። ሲሽር ወንዝ ወርጄ ውኃው ላይ አየሁት። የዚያን ቀን የሚያህል ቆንጆ ሆኜ አላውቅም። አንተ ይኼን ሁሉ ታምሜ ያመጣሁትን አጥበህ ሰደድክልኝ።"

አፈርኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ንቅሳቱ እንደ ጠባሳ ሳይፈልጉት የደረሰባቸው ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ እሳቸው ራሳቸው መርጠው ያመጡት ጌጥ ነው። እኔ "ጥሩ አንገት" የምለውስ ከየት መጣ? ከተማው ውስጥ በየማስታወቂያው የተሰቀለውን ልሙጥ አንገት ሳይ ኖሬ ለምጄው እንጂ ቁጭ ብዬ መርምሬ የደረስኩበት አይደለም።

"ይቅር ይበሉኝ፤ አጥፍቻለሁ። አንዴ ብቻ ይቀመጡልኝ። ምንም ላልነካ እምልልዎታለሁ" አልኳቸው።

የሺን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ ካሜራውን አዩ። "አላምንህም" አሉ። "ካነሳህ እዚሁ ታሳየኛለህ። ካልወደድኩት ታጠፋዋለህ።"

"እሺ።"

ጓዳ ገብተው ቆዩ። ሲወጡ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ነጠላው ትከሻቸው ላይ ወርዷል፤ አንገታቸው ሙሉ በሙሉ ተገልጧል። ቦታውንም የመረጡት እሳቸው ናቸው። "እዚህ ጋ ፀሐይዋ አንገቴ ላይ ታርፋለች" ብለው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ይህን ያህል ዘመን ሠርቼ ከዚያ የተሻለ ብርሃን አልመርጥም ነበር። አነሳሁ።

ካሜራውን ሰጠኋቸው። እንዴት እንደሚጎላ አሳየኋቸውና ንቅሳቱን አንድ በአንድ፣ ከአገጫቸው ሥር ጀምረው እስከ ደረታቸው ተመለከቱት።

"ይቺስ እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ።

እፎይ አልኩ። ከጥር ጀምሮ የተሸከምኩት ነገር ከላዬ ላይ ወረደ። የሺ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። ካሜራዬን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ልክተት ስል እማማ ጥሩወርቅ እጄን ያዝ አደረጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እንግዲህ ስታሳትመው፣ ይኼን ከዓይኔ ሥር ያለውን መጨማደድ ታጠፋልኛለህ።"

"እማማ! ምንም አልነካም ብዬ ምዬ?"

"ንቅሳቱን ወድጄ ነው የተነቀስኩት" አሉኝ። "መጨማደዱን ግን ማን አማከረኝ?"